አማርኛ የለመዱ ፍየሎች

ጋሼ ኑረዲን የካፊላችን፣ የአሠሪያችን፣ የፍየል እረኛ ነው፤ የወሎ ሰው። እኔ አረብ አገር፣ አል ዐይን ከተማ፣ በካፊላችን ቤት የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ሥር፣ ከበረቱ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ብቻውን ይኖራል። ጁምዓ ጁምዓ ካፊላችን ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ሲሄድ ምግብ ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። ጋሼ ኑረዲን አማርኛ የሚያወራው ያኔ ብቻ ነው። ከሰው ጋር ማለቴ ነው።

ፍየሎቹ አይታሰሩም። ጠዋት በሩ ሲከፈትላቸው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ በየገደሉ ግራርና ቁርቁራ ሲቀነጥቡ ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሱ ከታች ቆሞ ይጣራል።

"ነይ አንቺ ቦቃ! የጅብ ራት! ባል የለሽ፣ ቤት የለሽ፣ ምን ያስመሽሻል?"

ቦቃ መሪያቸው ናት። እሷ ከወረደች ሌላው ይከተላል። ከገቡም በኋላ ዝም አይልም። አገር ቤት ዝናብ ጣለ አልጣለ፣ ማን ታመመ፣ ለእነሱ ነው የሚያወራው። መጀመሪያ ስሰማው አሳቀኝ፤ ኋላ ግን እንጃ፣ ሳቁ ጠፋብኝ።

ዘንድሮ አገር ቤት ያለችው ልጁ ሀጀራ ልትዳር ሆነ። ኒካው ላይ አባቷ ካልተገኘ ምን አባት ነው አለና ፈቃድ ጠየቀ። ካፊላችን ክፉ ሰው አይደለም። ሳሊሕ የሚባል ሱዳናዊ አመጣና "ፍየሎቹ ለሳሊሕ ከወረዱ ሂድ። ካልወረዱ ግን እንዴት ልልቀቅህ?" አለው።

ሳሊሕ በአረብኛ ተጣራ፣ አፏጨ፣ ገብስ አሳየ። ቦቃ ድንጋይ ላይ ሆና ታየዋለች እንጂ አትነቃነቅም።

ጋሼ ኑረዲን አንገቱን ደፋ። "አየሽ አስማ፣ የሠራሁትን? የማወራው ሰው ባጣ እነሱን አማርኛ አስለመድኳቸው። አሁን በገዛ አፌ ታሰርኩ።"

"አብሽር ጋሼ። ሳሊሕን አስተምረዋ" አልኩት።

ያንኑ ቀን ጀመሩ። ሳሊሕ "ነይ" አለ ቀስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው።

"ኧረ ስደባት! ልታገባት ነው እንዴ?"

"ምን አድርጋኝ ልስደባት?" አለ ሳሊሕ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ፈተናው ሆነ። ጋሼ ኑረዲን ፍየሎቹ እንዳያዩት መኪና ውስጥ ገባ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳሊሕ ጮኸ። የጅብ ራቱን፣ ባል የለሹን፣ ሁሉንም አወረደው፤ ቁርጥ የኛ አገር ሰው። ምንም የለም። ደገመ። ያኔ ቦቃ ተነሳች፤ ድንጋይ እያንከባለለች ስትወርድ ሌሎቹም ግር ብለው ተከተሏት።

ካፊላችን መስታወቱን መታ መታ አደረገ። "ኸላስ፣ ትሄዳለህ!"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ጋሼ ኑረዲን። ደስ ብሎት ነበር፤ አይቼዋለሁ። ፍየሎቹ ግን በመኪናው ጎን አለፉ። ቦቃም ዞር ሳትል ሳሊሕን ተከትላ ሄደች። ጋሼ ኑረዲን በሩን ሊከፍት እጁን ሰደደና መለሰው።

"ልጠራት ነበር" አለኝ። "ግን አሁን ብጠራት ግራ ይገባታል።"

"ከሠርጉ በኋላ ትመለስ የለ?"

"መመለሱንስ እመለሳለሁ" አለ፣ ቦቃ የገባችበትን በረት እያየ።

ሳሊሕ ከበረቱ ውስጥ አሁንም በአማርኛ ይሳደብ ነበር።