አቶ አምባቸው ስለ ስፓኒሽ ያላቸው አቋም

የአቶ አምባቸው አቋም የታወቀ ነው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባዳቾ ጸጉር ቤት አንዴ ጸጉሩን የተቆረጠ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ስልካቸውን ከፍተው የአሜሪካ ዜና ያያሉ፣ ከዚያ ይነሣባቸዋል። እነዚያ ስደተኞች ሰው አገር ገብተው ስፓኒሽ የሚያወሩት ምን ሲደረግ ነው? የገባህበትን አገር ቋንቋ ተማር፣ ካልሆነ ውጣ! እንዲህ የሚል ፖለቲከኛ ካገኙ ምርጫው ባይደርሳቸውም ይመርጡታል። አሜሪካን ረግጠው አያውቁም፤ ስፓኒሽ የሚናገር ሰውም በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

እሳቸው ታዲያ ተወልደው ያደጉት ሶዶ ነው። አባታቸው ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ቀሩ። አቶ አምባቸው ስልሳ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ከወላይትኛ የያዙት ሰላምታና የገበያ ዋጋ ማስቀነሻ ብቻ ነው። ባዳቾ ወላይታ ነው፤ ይህን እያወቀ ዝም ብሎ ይከረክማቸዋል። ምን ያድርግ፣ ደንበኛ ናቸው።

ጉዱ የመጣው ልጃቸው ኪሩቤል አባይነሽ የምትባል የወላይታ ልጅ ላግባ ሲል ነው። የሃይማኖታቸውን ልዩነት ልጆቹ እርስ በርሳቸው ጨርሰውታል፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር። የአባይነሽ አባት አቶ ኤልሳዕ እዚያው ወላይታ፣ ሻንቶ ከተማ ይኖራሉ፤ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ባዳቾ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሄደ። አቶ ኤልሳዕ በጥሞና ሰሙና መለሱላቸው፦ የአምባቸው ንግግር እኔም ጆሮ ደርሷል፣ እውነቱን ነው፣ እስማማለሁ፤ እንግዲያው ራሱ ይምጣና በአገሩ ቋንቋ፣ በወላይትኛ ይጠይቀኝ።

አቶ አምባቸው ደማቸው ፈላ። አልሄድም ብለው ሦስት ቀን ከረሙ። ኪሩቤል ግን እህል አልቀምስ አለ፤ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ እኮ ነው! አንጀታቸው አልቻለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዳቾ ዘንድ እየተቀመጡ አራት የወላይትኛ ዓረፍተ ነገር ሸመደዱ።

በቀጠሮው ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሻንቶ ደረሱ። ለጋብቻ የመጣ ሰው እሺ እስኪባል አይቀመጥምና ቆሙ። «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ እስከዚህ ደህና። ከዚያ የሸመደዱት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። አፋቸው ላይ የመጣው የለመዱት ብቻ ሆነ፤ በወላይትኛ ስንት ነው ብለው ጠየቁ፣ አስከትለውም ትንሽ ቀንስልኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው ውስጥ ተደበቁ። ጓዳ ያሉትን ሴቶች ሳቅ ሊገድላቸው ደረሰ።

አቶ ኤልሳዕ አልሳቁም። ጥርት ባለ የአስተማሪ አማርኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ለነዚያ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ እንግሊዝኛ እስኪለምዱ ስንት ዓመት ይሰጣቸው ይላሉ?»

አቶ አምባቸው በክርክር ተረትተው አያውቁም። መልሱም ነበራቸው፤ ጸጉር ቤት መቶ ጊዜ ብለውታል፣ አንድ ዓመት ይበቃል። ግን የልጃቸው የከሳ ፊት ትዝ አላቸው። ላባቸውን ጠረጉ።

«እኔ ስልሳ ሁለት ዓመት ተሰጥቶኝ ይኸው አልበቃኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ትንሽ ይጨመርልኝ።»

አቶ ኤልሳዕ ተነሥተው ወንበር አቀረቡላቸው። ይቀመጡ ያሏቸው በወላይትኛ ነው፤ አቶ አምባቸውም ማንም ሳይተረጉምላቸው ተቀመጡ።