በኩቴክስ የተቀጠለው ካሴት

የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ ለእኛ ጆሮ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ቀዝቃዛ ማለት በታኅሣሥ ማለዳ የደብረ ብርሃንን ውርጭ እየረገጡ ትምህርት ቤት መሄድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳህን ሳጥብ ስልኬ አንዱን ሙዚቃ በሌላው እያስከተለ ይጫወት ነበር። ድንገት ሦስት መሣሪያዎች ተነሱ፤ ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ በጉልበት መሀል ተይዞ የሚመታው ወፍራሙ ቼሎ። እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። ኩቴክስ ሸተተኝ።

ደብረ ብርሃን ስንማር የፊዚክስ መምህራችን ከጅማ ተመድቦ የመጣ፣ ብርዱን ሲረግም የሚውል ሰው ነበር። ስለ ድምፅ ሊያስተምረን አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ገና መሀሉ ላይ ሳይደርስ ቴፑ ክሩን በላው። መምህሩ የተጨማደደውን በምላጭ ቆርጦ ጣለና ኩቴክስ በመቀባቷ ሁሌ ወደሚቀጣት ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ ልጅ ዞረ።

«ካለሽ አምጪ፤ ዛሬ አልቀጣም።»

ከቦርሳዋ ቀይ አወጣች። ክሩ ተቀጠለ፤ ክፍሉ በኩቴክሱ ሽታ ታፈነ፤ ሙዚቃው ቀጠለ። ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ከበሮ፣ ሦስት ሰዎች እንዲህ ሊነጋገሩ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የካሴቱ ወረቀት ተልጦ ስለነበር መምህሩ ደራሲውን አያውቀውም። «ወይ እየደነቆረ የጻፈው ነው፤ ወይ ሠላሳ ሁለት ሳይሞላው የሞተው፤ ወይ ለሞተ ወዳጁ ያለቀሰው» አለን። ሦስቱም እንደኛ እንጀራ ፈላጊ ሰዎች እንደነበሩ ዛሬም ማመን ያቅተኛል።

ሰኔ ላይ መምህሩ ወደ አገሩ ሊዛወር መሆኑን ሰማን። ካሴቱም ሊሄድብን ሆነ። ሙዚቃ ቤት ወስደን ባለቤቱን እንዲቀዳልን ለመንነው። ባለቤቱ ጥቂት ሰማና መለሰልን።

«ዘፋኙ ሲገባ አምጡት።»

አብሮኝ ቤት የተከራየው የአንኮበር ልጅ ግን ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ ነበር። «በቃላችን እንያዘው» አለ። «ጾመ ድጓ የያዝኩ ሰው ይሄ ያቅተኛል?» ተካፈልነው። እሱ ቫዮሊኑን፣ የፋብሪካዋ ልጅ ፒያኖውን፣ እኔ ድምፄ ስለጎረነነ ቼሎውን ያዝን። እስኪሄድ ድረስ በየቅዳሜው ጧት መምህሩ ቤት ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ እየደጋገምን አጠናን።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሁሌ ጠብ ነበር። የቫዮሊኑ ዜማ ሳያልቅ በድንገት እኔ ጉሮሮ ውስጥ ይገኛል።

«አንተ ሌባ! ሳልጨርስ ነጠቅኸኝ!» ይላል የአንኮበሩ ልጅ።

«ካሴቱ ነው የተቆረጠው!»

«ማስረጃ አምጣ» አለች ልጅቷ። አላመጣሁም። ፈረደችብኝ።

መምህሩን መናኸሪያ ስንሸኘው ቆመን በአፋችን ተጫወትንለት። የአውቶቡሱ ረዳት «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» ማለቱን ተወ። የተቆረጠው ቦታ ስንደርስ ሦስታችንም አንድ ላይ ዘለልነው። መምህሩ ሻንጣውን አስቀመጠና ሳቀ። «ቁርጡን ሳይቀር!» አለ፤ ቀጥሎ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ባለፈው ሳምንት የሰማሁት ያንኑ ነው፤ ደራሲው ሠላሳ ሁለት ሳይሞላው የሞተው ሆኖ ተገኘ። ሳላስበው ቼሎውን ማንጎራጎር ጀመርኩ። የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ዘለልኩት። ሙዚቃው ግን አልዘለለም። ቫዮሊኑ ዜማውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ቼሎው ወረደ፤ ጥቂት አብሮት ሄደ፤ መያዙን ሲያይ ለቀቀለት። አልተነጠቀም። ሰጠ። ስንት ዓመት በራሴ ቤት ስኖር ያላየሁት ክፍል ተከፈተልኝ።

የአንኮበሩ ልጅ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ሳይሰማ ነው የሄደው። ልጅቷ የት እንዳለች አላውቅም። በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ የነበረች፣ ቀይ ኩቴክስ የምትወድ፣ ሥራ ስትሠራ የማይታወቅ ዜማ የምታንጎራጉር ሴት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩልኝ፦ ማስረጃው ተገኝቷል፤ አልሰረቅሁትም።