ነጭ ወይን ከአይብና ከጎመን ጋር

የምግብ ቤቱ ኃላፊ አዲሱን ወይን ያስተዋወቀን አስተናጋጆቹን በሙሉ ባንኮኒው ፊት አሰልፎ ነው። ቦርዶ ከሚባል የፈረንሳይ አካባቢ የመጣ ነጭ ወይን ነበር፤ ከሁለት ዓይነት የወይን ፍሬ የተቀላቀለ። አንዱ ሶቪኞ ብላን ይባላል፤ እንደ ሎሚ ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል። ሌላው ሴሚዮን ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ማር ማር የሚል። ከምን ጋር እንደሚቀርብ ከወረቀት አነበበልን፦ ከባሕር ዛጎል ውስጥ የሚወጣ ሥጋ፣ የፍየል አይብ፣ በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ። ከእኛ ምግብስ ከየትኛው ጋር ይሄዳል ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ።

«የእኛ ምግብ ከወይን ጋር አይሄድም። በቃ።»

ያ «በቃ» አልዋጥልኝ አለ። ቀምሶ ቢሆን ኖሮ እሺ እል ነበር። አልቀመሰም።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ከአየር ጤና ወደ ሰፈሬ ዓለም ባንክ ታክሲ ተሳፈርኩ። በፌስታል ጠቅልዬ መደበቅ እችል ነበር፤ ጭኔ ላይ አቁሜው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሴት ልጅ መጠጥ ይዛ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። ሙያዬ ነው፤ አልሰረቅሁት።

እናቴ በዕድሜዋ ከጠጅና ከጠላ ሌላ ቀምሳ አታውቅም፤ ምላሷ ግን አይሳሳትም። እሁድ ምሳ ላይ ቤት ካፈራው ሁሉ ትንሽ ትንሽ አቅርቤ አብረን ሞከርነው። በዶሮ ወጥ ጀመርን። ወይኑ ውኃ ውኃ አለን፤ በርበሬው ደግሞ ይባስ ነደደ። በሽሮው ትንሽ ተሻለው። ከዚያ እናቴ አይቡን ከጎመኑ ጋር ጠቅልላ ጎረሰች፣ አንዴ ተጎነጨች። እንደገና ጎረሰች።

«ይሄ ሰውዬ በርበሬ አይችልም» አለችኝ፤ ወይኑን ማለቷ ነው። «አይብ ሲያገኝ ግን ይጫወታል።»

ሰኞ ለኃላፊው ነገርኩት። አስተናጋጅ ትዕዛዝ ይቀበላል እንጂ ምናሌ አያወጣም ብሎ መለሰኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ። የተጋቡበትን ቀን ሊያከብሩ ነው የመጡት፤ እሳቸው ከራባት አስረዋል፣ ሴትየዋ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ክትፎ አዘዙና ስለ ነጩ ወይን ጠየቁኝ። አፌን ሳልከፍት ኃላፊው ደረሰ። ይህ ወይን ለክትፎ እንደማይሆን፣ ከፈለጉ ከፈረንጅ ምግቡ እንዲመርጡ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገራቸው። የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው አዩ። ሽማግሌው ምናሌውን ቀስ ብለው ዘጉት፤ ሴትየዋ ቦርሳቸውን አነሱ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ልብሳቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሊወጡ ነው። ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። «ሚጥሚጣውን ለብቻ አስደርግልዎታለሁ። ወይኑን ከአይቡና ከጎመኑ ጋር ይቅመሱት፤ እኔ ከእናቴ ጋር ሞክሬዋለሁ።»

ኃላፊው በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ጥዬው ወደ ማድ ቤት ገባሁ፤ ወጥ ሠሪዋ ምንም ሳትጠይቅ አይቡንና ጎመኑን በሰፊ ሳህን አድርጋ ሰጠችኝ። ጠርሙሱን ጠረጴዛቸው ላይ ከፍቼ ቀዳሁላቸው። ሽማግሌው ቀመሱና ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ለባለቤታቸው አጎረሱ። ጠርሙሱን ባዶ አድርገው ነው የሄዱት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። ትዕዛዝ መጣሴንና እንግዳ ማሳሳቴን አምኜ ይቅርታ የምጠይቅበት ደብዳቤ ተጽፎ ጠበቀኝ። ትዕዛዝ መጣሴ እውነት ነው፣ እሱን እፈርማለሁ አልኩት።

«እንግዳ አላሳሳትኩም። ያንን አልፈርምም።»

ወይ ሁለቱንም ፈርሚ፣ ወይ የደንብ ልብሱን አስረክቢ አለኝ። አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

እናቴ ተቆጣች። ወይን እንጀራ አይሆንም አለች፤ እውነቷን ነበር። ወራት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ ከእንቅልፌ ስነቃ ምነው በፈረምኩ ያልኩበት ጠዋትም ነበር። አንድ ጠዋት ብቻ።

አሁን ቤቴል ሰፈር፣ አንዲት ጠንካራ ሴት በከፈተችው ትንሽ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ወይን አትሸጥም ነበር፤ ጨቅጭቄ አስጀመርኳት። ምናሌው ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት መስመር አለ፦ የፈረንሳይ ነጭ ወይን፣ ከአይብና ጎመን ወይም ከዓሣ ጥብስ ጋር። አንዳንዱ ደንበኛ ያነብና ይስቃል። መጀመሪያ ቅመሱ፣ ከዚያ ሳቁ እላቸዋለሁ።