ያጠበቅሁት ብሎን

ትናንት ላሊበላ፣ ከቤቴ ጀርባ አንድ ጎረምሳ የሞተር መጋዝ ቢያስነሳ፣ ጩኸቱ የሰማዩን ስፌት ሊተረትር ምንም አልቀረው። ነዳጅ የሚመጥነው የካርቡሬተሩ ብሎን መጥበቁን ሳላይ አወቅሁ።

በደርግ ጊዜ አባዬ ፍላቂት ላይ በመንግሥት መጋዝ ባሕር ዛፍ ይቆርጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጆሮውን አስጠግቶ ብሎኑን በካቻቪቴ ያላላና ሞተሯ ትንሽ ስትንተባተብ ይተዋታል። «ከዚህ በላይ ከጮኸች ነዳጅ ራባት ማለት ነው፤ የራበው ደግሞ ጮኾ ጮኾ ይሞታል» ይለኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የገባኝ መጮኋ ብቻ ነው። ለጓደኞቼ «ሳስጮኻት እዚያ ማዶ ኩልመስክ ያለ ዶሮ ሳይቀር ከቆጡ ይወድቃል» ብዬ ፎክሬ፣ አባዬ ምሳ ሲበላ ብሎኑን አጠበቅሁት።

ከምሳ በኋላ ረዳቱ አስነሳት። እውነትም ጮኸች፤ በደስታ ዘለልኩ። አባዬ «አጥፋት!» እያለ ሮጦ ሳይደርስ ሞተሯ ተቃጥላ ቀጥ ብላ ቀረች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። «ብሎኑን ማን ነካው?»

አባዬ ጣቶቼ ላይ ያለውን ግራሶ አየ። «እኔ ነኝ ጓድ። ተሳሳትኩ።»

«አንተ በዚህ ጆሮህ ትሳሳታለህ? ይሄማ አሻጥር ነው።»

አሻጥር የመጋዟ ዕቃ መሰለኝ። አባዬ ሲወስዱት ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «እጅህን ታጠብ» አለኝ። ወልድያ ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ትናንት ወጥቼ የጎረምሳውን ብሎን አላላሁለት።

«ጋሼ፣ ማን አስተማረዎት?» አለኝ።

ስለ አንዲት ቁንጫ ግማሽ ቀን የማወራው ሰውዬ፣ ካቻቪቴውን መልሼለት እጄን ልታጠብ ገባሁ።