በሚጋለብ ሻንጣ የሄደ ጥሎሽ

ታላቅ እህቴ ከዓረብ አገር የላከችውን ሻንጣ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዕቃ ይሁን ማሽን መለየት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልለየሁትም። ከላዩ እንደ በርጩማ ይቀመጡበታል። እጀታው ላይ የሚጫኑት ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት በባትሪ እየተንቀሳቀሰ የተቀመጠበትን ሰው ይዞ ይሄዳል። ያመጣልን መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ባትሪውን አስወልቀው በእጁ እንዳስያዙት ነገረኝና መልሶ ገጥሞ ሰጠኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ የምሸጥ ሰው ነኝ። የማውቀው ሻንጣ ወይ ይጎተታል ወይ ሰው ይሸከመዋል።

ውስጡ ያለው የታናሽ ወንድማችን ጥሎሽ ነበር። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ሁለታችንንም ያሳደገችን እትዬ ናት፤ ሰው ቤት እየሠራች፣ በኋላም ባሕር ተሻግራ። ወንድሜ አንኮበር የምትኖር ልጅ ወዶ ሽማግሌ ስንልክ የልጅቱ አባት ፊት ነሱን። «ያሳደገው ሰው ሳይመጣ ማንን አምኜ ነው ልጄን የምሰጠው?» ብለው መለሷቸው። እትዬ ደግሞ ውሏ ስላላለቀ አሠሪዎቿ አይለቋትም። ሽማግሌዎቹ ብዙ ደጅ ከጠኑ በኋላ ሰውዬው በግድ «እንግዲህ ጥሎሹን አይቼ እቆርጣለሁ» አሉ። ይህን በስልክ ስነግራት እትዬ አለቀሰች፤ ሳላሳጥር መናገሬ ቆጨኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም ራሷ ገዝታ፣ ራሷ አጣጥፋ፣ ሻንጣውን ቆልፋ የላከችው። ቁልፉ የሚከፈተው በስልክ ነው። የእኔ ስልክ ሻንጣው አጠገብ ይሆናል፣ እሷ እዚያ ሆና ትፈቅዳለች፣ ሻንጣው ይከፈታል። «ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቀመጡ እኔ ነኝ የምከፍተው፤ እጄ ይኑርበት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያልገባኝ ነገር ሲሆን እሺ ማለት ይቀናኛል።

ጥሎሹን የምናደርስ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች፣ የወንድሜ አንደኛ ሚዜና እኔ ተነሣን። ሚዜው ሻንጣውን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ካልጋለብኩት ብሎ አስፋልቱን ይዞ ወደ መናኸሪያ ከነፈ። እኛ ከኋላ በባጃጅ። ስንደርስበት ትራፊክ አቁሞት ሰሌዳው የት አለ እያለው ነበር። ሻንጣ ነው ብንለው፣ ሻንጣ ከሆነ ለምን ይነዳዋል አለን። ልክ ነው፤ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥሎሽ መሆኑን ሲነግሩት ፊቱ ፈታ አለና መርቆ ለቀቀን።

ሚኒባሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ረዳቱ ከላይ ይጫን አለ፤ እኔ ባትሪ አለው፣ አይሆንም አልኩ። ዕቃው መቀመጫ እንዳለው ሲያይ ግን ክርክሩን ተወና ቦታ ያጣች አንዲት ሴትዮ አስቀምጦበት ሒሳብ ተቀበላት። ቁልቁለቱ ላይ ሴትዮዋ ልትደገፍ እጀታውን ስትይዝ ቁልፉን ነካችው መሰለኝ፣ ሻንጣው ከነሴትዮዋ ወደ ሾፌሩ ገሰገሰ። ሴትዮዋ የፈጣሪን ስም እየጠራች አማተበች፤ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ረዳቱ ወንበር ሲያከራይ እንዳልነበረ እኔን ይቆጣኛል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የዚያን ቀኑ ጉድ ለብዙ መስከረም ይበቃ ነበር።

የልጅቱ ቤት ከዋናው መንገድ ወርዶ፣ ከተራራው ሥር ነው። እኛ አገር ጥሎሽ የሚገባው ሚዜ ተሸክሞት፣ እየተጨፈረ ነው። ሚዜያችን ግን ግቢው ሜዳ መሆኑን ሲያይ ምን እንደነካው እንጃ፣ ተቀምጦበት እየጋለበ ገባ። እልልታው ከመሐል ተቋረጠ። ዘመድ ጎረቤቱ መንገድ ለቀቀ፤ አንድ ውሻ ጮኸ። የልጅቱ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመው ነበር። ይህ ምንድን ነው ብለው እኔን ጠየቁኝ። ሻንጣ ነው አልኩ፤ ከዚያም በባትሪ እንደሚሄድ፣ ቁልፉ በስልክ እንደሆነ፣ የምትከፍተው እህቴ እንደሆነች አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ሰውዬው ብቻ ሳይሆኑ እኔም ግራ እየገባኝ ሄደ።

ገብተን ተቀመጥን። ሻንጣው መሐል ላይ ቆመ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ፣ ክንዴን ወደ ጣራው ዘረጋሁ፤ ምንም። ቤቱ ገደል ሥር ስለሆነ ኔትወርክ የሚገኘው ላይ መንገዱ ዳር ኮረብታው ላይ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ስልኩን ይዤ ልውጣ ስል ደግሞ ትዝ አለኝ፤ ስልኩ ከሻንጣው ከራቀ አይከፍትም። እንግዲያው ሁለቱንም ይዤ ደርሼ ልምጣ ብዬ እጀታውን ያዝኩ።

የልጅቱ አክስት እጄን ለቀም አደረጉኝ። ጥሎሽ አንዴ ከገባ በኋላ ሳይታይ ከወጣ ተመለሰ ነው የሚባለው አሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ እያየ ነው፣ ልጅቷን ማን ሳያማት ይቀራል? እውነታቸውን ነበር። አጎቷ ደግሞ መጥረቢያ ይምጣና እንፈልጠው አሉ። ባትሪው እሳት ቢያነሣስ ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞስ በመጥረቢያ የተከፈተ ጥሎሽ ምን ገድ ይኖረዋል? ስልኩ ያለ ሻንጣው አይሠራ፣ ሻንጣው ከቤት አይወጣ፣ ኔትወርኩ ከኮረብታው አይወርድ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እትዬ ይሄኔ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው፤ ድምፃችን ሲጠፋ መለሱብኝ ብላ ታስባለች።

ሽማግሌዎቻችን ምክር ጀመሩ። አንደኛው ጥሎሹ በሌላ ቀን ይታይ አሉ፤ አክስትዬው ሌላ ቀን የሚባል የለም አሉ። ሁሉም ወደ ልጅቱ አባት ተመለከተ። ሰውዬው በምርኩዛቸው ጫፍ ሻንጣውን ነካ ነካ ሲያደርጉ ቆዩ።

«ይህን ሁሉ የቆለፈችው ያቺ ያሳደገችው እህት ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ አልኳቸው። እጄ ይኑርበት ማለቷንም ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ተነሡ።

«እናንተ ይዛችሁት ከወጣችሁ መለስኩት ማለት ነው። እኔ ይዤው ከወጣሁ ግን የራሴን ዕቃ ይዤ ነው የወጣሁት» አሉ።

ወዲያው አልገባኝም። ሳይከፈት እንዴት የራሳቸው ይሆናል ብዬ አፌን ስከፍት አንዱ ሽማግሌያችን በክርናቸው ጎሰሙኝ። አክስትዬው ግን ገብቷቸው ኖሮ እልል አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ሰውዬው ሻንጣውን ሊጎትቱት ሞከሩ። ዳገቱ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ መንኮራኩሮቹ እምቢ አሉ። ሚዜው እኔ ልሸከም ቢላቸው በምርኩዛቸው መለሱት። ትከሻቸው ላይ አውጥተውት ዳገቱን ተያያዙት፤ ሰው እንዲጋልበው የተሠራው ሻንጣ ሽማግሌ ላይ ተጭኖ ሄደ። እኛና ጎረቤቱ በሙሉ ተከተልን። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ስለነበር ከፊቴ የሚታየኝ ሻንጣውና ጋቢያቸው ብቻ ነው። ደስ ይበለኝ ልፈር አላወቅኩም።

ኮረብታው ላይ ሻንጣውን ሳር ላይ አስቀምጠው እላዩ ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ሰላምታም አላስቀደመች።

«ተቀበሉት?»

ገና አልተከፈተም ብዬ ልጀምር ስል ሰውዬው እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ማንነታቸውን ነገሯትና አዳመጡ። ከማዶ ቃል አይሰማም፤ ለቅሶዋ ብቻ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል።

«ተቀብለናል፣ ልጄ» አሉ ከተቀመጡበት ሻንጣ ላይ እየተነሡ። «ምን እንደሆነ ባይገባንም ተቀብለናል። በይ አሁን ክፈችልን።»