ወንድሜ ከባሕር ቁልቋሉ ሲወጣ

ልጅ እያለሁ፣ ክፉ ነገር መምጣቱን ያወቅሁት የወንዶቹ ጩኸት ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ክረምት ነበር፤ ትምህርት ተዘግቶ ሰፈራችን ከጠዋት ጀምሮ ኳስ ነው። የጨርቅ ኳሷ ብቻዋን እየተንከባለለች ደጃችን ደረሰች፤ የሚከተላት ጠፋ። «አፈሳ ነው፣ አፈሳ» አለች አንዲት ጎረቤት። ደርግ ጎረምሳ እየለቀመ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ጊዜ ነበር፤ እኩዮቼ ታውቁታላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ዘሎ አጥሩ ውስጥ ገባ። አጥራችን የባሕር ቁልቋል ነው። እናቴ ከወሎ ወደ አዋሳ ስትመጣ ቅጠሉን በጆንያ አምጥታ የተከለችው፣ ከሰው ቁመት ያለፈ። ዘሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ፍሬው ሲቀላ እናቴ በሣር አሽታ፣ ልጣ ታጎርሰናለች፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርዳል። «ፍሬውን ከወደድሽ እሾሁን ቻዪ» ትለኝ ነበር።

ሁለት ታጣቂዎች ገቡ። አንደኛው የቀበሌያችን ልጅ ነው። አጥሩን አየት አደረገና፣ እዚያ ውስጥ ሰው አይገባም ብሎ መሰለኝ፣ ተወው። «እንግዲህ ልጁ እስኪመጣ እርስዎ ቀበሌ ይቆዩልናል፤ ይነሱ እትዬ» አላት። ይህን ሲሰማ ግርማ ራሱ ወጣ። አንገቱ፣ ክንዱ፣ መዳፉ ሁሉ እሾህ ነው።

«እማዬ፣ ጦር ሜዳ ሳልደርስ ቆሰልኩ» አለና ሳቀ።

እናቴ አላለቀሰችም። «በዚህ እጁ ጠመንጃ አይዝም። ላውጣለትና ውሰዱት» አለች። ፈቀዱላት። ድንጋይ ላይ አስቀምጣው በወረንጦ ትነቅልለት ጀመር። ትልልቁ ቶሎ አለቀ፤ እንደ ጠጉር የቀጠነው ግን ወደ ፀሐይ ካላዞሩት አይታይም። እጁን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ።

«ጨረሱ እትዬ?»

«ገና ነው ልጄ።»

«በዚህ አያያዝዎ እኮ ጦርነቱ ያልቃል።»

«ቢያልቅ ምን ከፋኝ?»

ጠጋ ብዬ ሳይ መዳፉ ላይ ምንም አልቀረም። ወረንጦው ባዶ ቆዳ ነው የሚቆነጥጠው። ግርማም ያውቃል፤ «እዚህም አለ እማዬ» እያለ ሌላውን እጁን ይሰጣታል። የቀበሌያችንም ልጅ ሳይገባው አልቀረም፤ ፊቱን አዙሮ ቆመ። የታፈሱትን ጭኖ መንገድ ላይ የቆመው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋ እንዲሁ ሆኑ። ከዚያ ወሰዱት። አልተመለሰም።

ዛሬ ያ አጥር የለም፤ ግንብ ሆኗል። እናቴም አለፈች። የበኩር ልጄ ግርማ በሄደበት ዕድሜ ላይ ነው። ትንሽ ካመሸ እግሬ ቤት አይረጋልኝም።

«እማ፣ አሁን ማን ይወስደኛል ብለሽ ነው?» ይለኛል።

አለማወቁ ደስ ይለኛል። ዛሬም መጣ፤ እራቱን በላና ተኛ። በሩን ዘጋሁ። ልጄ ቤቱ ነው፤ እኔም ቤቴ ነኝ። ደህና ነን።