ክኒን ያወፈረው ሹም

ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን ሁለት ነገር ባንድ ወር መጣብኝ፦ የአንድ ቢሮ የንብረት ክፍል ኃላፊነትና ፕሬድኒሶሎን የሚሉት ክኒን። ክኒኑን ያዘዘልኝ የሆስፒታሉ ሐኪም ነው፤ አስሜ በባሮ ወበቅ ብሶብኝ ደረቴ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጭ ነበር። ሹመቱን ማን እንዳዘዘልኝ እስካሁን አላውቅም።

ክኒኑ ትንፋሼን መለሰልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ግን አስራበኝ። ኧረ ምን ዓይነት ረሃብ ነው! ምሳ በልቼ እጄን ሳልታጠብ ስለ ራት አስባለሁ። ዓሣ ሲቀርብልኝ ጭንቅላቱ እንኳ አይተርፍም፤ ማንጎ በጆንያ ነበር የማስገዛው። ፊቴ ተነፋ፣ አገጬ ሁለት ሆነ።

ብነግረው ሐኪሙ ሳቀ። «ጥፋቱ የሆድህ አይደለም። አንጎልህ ውስጥ ‹ብላ› የሚሉ ኬሚካሎች አሉ፤ ‹በቃህ› የሚሉም አሉ። ይህ ክኒን ሆርሞን ነው፤ ‹ብላ› ባዮቹን ያበረታል፣ ለሌሎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሰኝሃል። ብቻ በገዛ እጅህ እንዳታቆመው! ሰውነትህ የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቷል፤ ድንገት ከተውከው ትወድቃለህ።»

ከተማው ደግሞ የራሱ ምርመራ ነበረው። ሰው ተሹሞ ከወፈረ፣ በላ ማለት ነው፤ የመጋዘኑን ዘይት። አንዲት ጠብታ አልነካሁም ብል ማን ሊሰማኝ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። ከሐሜቱ ይልቅ ያናደደኝ ያ አክብሮታቸው ነበር።

ግምገማ ተጠራ። እኔ ጀግናው፣ በዚህ ጉንጭ ማን ያምነኛል፣ ከስቼ ልቅረብ ብዬ ክኒኑን ባንዴ ተውኩት። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ስሙ ይቅርብህ፣ ነፍስህን!» ብላ ለመነችኝ። ማን ሰምቷት! ረሃቡ ወዲያው ጠፋ። ጉንጬ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ጉልበቴ ከዳኝ፣ ያቅለሸልሸኝ፣ ያዞረኝ ጀመር።

በስብሰባው ዕለት ወንበር ተደግፌ ቆምኩ። ሰብሳቢው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ነገር ማድበስበስ አይወድም። «ወንድሜ፣ በልተሃል ወይስ አልበላህም?» አለኝ።

አዳራሹ ይዞርብኛል። በዚያ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ፣ ተመስገን፣ አንድ ሰው ስለ ምግብ ፍላጎቴ ጠየቀኝ ብዬ ተደሰትኩ።

«እውነቱን ልናገር» አልኩ። «ያገኘሁትን ሁሉ በላሁ። በቃኝ ማለት አቃተኝ። ይሄ ሁሉ ግን...»

ክኒኑ ነው ልል ነበር። ወደቅኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔን ለማሸት ደግሞ መጀመሪያ መንቃት ነበረብኝ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። ሐኪሙ እየተቆጣ ሆርሞኑን በመርፌ ሰጥቶኛል፤ ባለቤቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሰብሳቢው እጄን ጨብጧል። «እንዲህ ያለ ግለ ሂስ አይተን አናውቅም» አለኝ። «ጸጸቱ ጣለህ። ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይቅር ብሎሃል።»

አልሰረቅኩም ልለው አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼ አልደረሰልኝም።

«አትናገር» አለኝ በሐዘኔታ፣ «ገብቶናል።»

ይኸው ጡረታ ወጣሁ፤ ዛሬም ገብቷቸዋል።